ቢላ ያልነካው ማዕድ

ለመርካቶ ነጋዴ ባሕር ማለት ዕቃ የሚዘገይበት ቦታ ነው። ባለቅኔው ማዕበሉን ያያል፣ ባሕታዊው የፈጣሪን ሥራ ያያል፤ ነጋዴ ኮንቴይነሩን ይፈልጋል፣ ሲያጣው ደግሞ የመርከቡን ካፒቴን እስከ ሰባት ትውልድ ይረግማል። የሸማ ተራዋ ሀጅራም ጅቡቲን እንደ ጓሮዋ ብታውቃትም ባሕሩን ያየችው ሁልጊዜ ቆማ ነው፤ ከወደቡ አጥር ሥር፣ ፀሐይ አናቷን እየጠበሳት፣ በሻርፗ ጫፍ ላቧን እየጠረገች። ተቀምጣ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ፊት፣ አሳላፊ ጎንበስ ብሎላት ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ያደረገችውን መርካቶ እስካሁን ያወራዋል። መርካቶ ሲያወራ ስለሚያጋንን፣ ማጋነኑን ቀንሼ እኔ ልጻፈው።

ሀጅራ ስልጤ ናት። መርካቶ የገባችው በልጅነቷ አጎቷን ተከትላ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ በየጓዳው እጅ በእጅ የምንቀባበላቸው ወረቀቶች እንደሷ ያለውን ሰው «ንዑስ ከበርቴ» ይሉት ጀመር፤ ታሪክ ጠራርጎ እንደሚወስደውም በጥቁር ቀለም አረጋግጠውልን ነበር። ታሪክም አላሳፈረን፤ መጣ፣ ጠረገ። የጠረገው ግን ወረቀቱን የጻፉትን ነው። ሀጅራ ሻርፗን አራግፋ ሥራዋን ቀጠለች።

ደርግ ወድቆ ግንባሩ በገባ ማግሥት ሻርፕና ሻሽ በትከሻዋ አንጠልጥላ ሸማ ተራን ትዞር ነበር። አንድ ክረምት ዝናብ አጣድፏት ከእትዬ ሸዋገነት ሱቅ ደጃፍ ተለጠፈች። እትዬ ሸዋገነት የቡልጋ ሰው ናቸው፤ በሀጅራ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡ፣ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ፣ ራጉኤልን ሳይሳለሙ ሱቅ የማይከፍቱ፣ ምላሳቸው እንደ መቀስ የሚቆርጥ ሴት። ዝናቡ እስኪያባራ ግቢ አሏት። ዝናቡ አባራ፤ ሀጅራ አልወጣችም።

ሱቁ እየዋለ እያደረ ሁለት ግድግዳ ሆነ፤ በቀኙ ነጠላ፣ በግራው ሻርፕና ሂጃብ። የአገሩን ሴት ራስ ለሁለት ተካፍለው ሸፈኑት ማለት ነው። የበዓል ገበያ ሲጨናነቅ አንዷ ለሌላዋ ትሸጣለች። ሀጅራ ለጥምቀት ገበያተኛ ጥለት ስታማርጥ ላያት ራጉኤል ክርስትና የተነሣች ይመስላል። እትዬ ሸዋገነትም ለሙሽራ ሂጃብ ሲያስሞክሩ «ማሻአላህ» ይላሉ፤ በተለይ ሽያጩ የሚሳካ ሲመስላቸው።

ቴሌቪዥኑ በየበዓሉ «ተቻችሎ የመኖር እሴታችን» እያለ ያዜማል። ዘፈኑን ያዘዘው ባለሥልጣን ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ይካሰስ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። እነዚህ ሁለት ሴቶች ግን አይቻቻሉም፤ ጠዋት ሱቅ ሲከፍቱ የጀመሩት ስድብ ማታ መዝጊያው ላይ ነው የሚያልቀው። ለዚህም ነው አብረው የኖሩት።

የጎደላቸው አንድ ነገር ነበር፤ አብረው የሚቀርቡበት የደስታ ማዕድ። በጾም ቀን ሽሮና ምስሩን ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በዓል ሲመጣ ግን የቢላው ነገር አለ። ቢላውን ያነሣው ሰው የማንን ስም ጠራ? ይህን ጥያቄ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቀውም፣ መልሱን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጎረቤትን ከጎረቤት በጨዋ ደንብ ይለያል። ስለዚህ ለፋሲካ እትዬ ሸዋገነት ለነሀጅራ ቤት ዶሮ የሚልኩት ከነነፍሱ ነው። ለዒድ ከሀጅራ ቤት የሚመጣው በግም በራሱ እግር እየጮኸ ይመጣል። ፍቅሩ በሕይወት ተሻግሮ ወጡ በየቤቱ ይሠራል።

ሀጅራ ይህን እንደ ነገር ቆጥራው አታውቅም፣ የበኩር ልጇን ማሂራን እስክትድር ድረስ። ማሂራን ከእናቷ እኩል ያሳደጓት እትዬ ሸዋገነት ናቸው፤ በነጠላ ክምር ላይ ያስተኟት፣ ፊደል ያስቆጠሯት፣ በኩርኩም ያቀኗት። ለሠርጉም ቅቤውን መርጠው የገዙ፣ ድንኳን ተካዩን ያንቀጠቀጡ፣ የሙሽራዋን ዘመዶች በየወንበሩ የደለደሉ እሳቸው ነበሩ። ምሳ ሲቀርብ ግን የክርስቲያኑ ማዕድ ከድንኳኑ ጀርባ፣ በሸራ መጋረጃ ተለይቶ ነበር የተዘጋጀው። ክርስቲያን ያረደው፣ ክርስቲያን የሠራው፤ አንድም የጎደለበት ነገር አልነበረም። እትዬ ሸዋገነት እዚያ ከፎቶ አንሺውና ስሙን ከማያውቁት አንድ የቀበሌ እንግዳ ጋር ተቀምጠው በሉ።

ሀጅራ መጋረጃውን ገልጣ አየቻቸው። ሴትዮዋ ቅር ያላቸው ነገር የለም፤ አጥንት ይግጡ ነበር። ቅር ያላት ሀጅራ ናት። ለማታውቀው ሚዜ፣ ለሚዜው ሾፌር ሳይቀር በእጇ ያቀረበች ሴት፣ የልጇን ሁለተኛ እናት ሳታስተናግድ ዋለች። መርካቶ ውስጥ ሰው ይከስራል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይከስራል፤ ማንም አይስቅበትም። የራሱን ሰው በራሱ ድግስ ከጀርባ ያስቀመጠ ግን፣ ማንም ባይናገረው፣ ራሱን በመስተዋት ሲያይ ዓይኑን ይሰብራል።

ለእትዬ ሸዋገነት አልነገረቻቸውም፤ ብትነግራቸው ዓመት ሙሉ ያሾፉባታል። ለራሷ ግን ቃል ገባች። አንድ ቀን እኔ ደግሼ፣ እሳቸው ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ከአንድ ማዕድ እንበላለን አለች። እንዴት እንደሚሆን አላወቀችም። በጉም፣ በሬውም፣ ዶሮውም በዚያው በቢላው በር ነው የሚያልፈው።

መልሱ የመጣላት ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ዕቃቸው ጅቡቲ ዘግይቶባቸው ሁለቱም ሊሄዱ ተነሡ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ድንገት ዓሣ ትዝ አላት። ዓሣ አይታረድም። ከውሃው ሲወጣ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ማንም ስም አይጠራበትም። የእስላም ዓሣ የለም፣ የክርስቲያን ዓሣ የለም። ዓሣ መርካቶስ ጠፍቶ ነው ወይ የሚል ይኖራል። አልጠፋም፤ በዘይት ተጠብሶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ያ ግን ምሳ ነው፣ ድግስ አይባልም። በቤቷ እንዳትሠራው ደግሞ ድስቷ ሁሉ ሥጋ የለመደ ነው። ባሕር ዳር፣ ዓሣ ብቻ በሚሠራበት ትልቅ ቤት፣ ዓሣ ብቻ በለመደ ምድጃ ላይ ቢሆን ግን ማን ምን ይላል? ቀኑን አሰበችበት፤ ረቡዕና ዓርብ እንዳይሆን፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ሐሙስ ሆነ።

ጅቡቲ ላይ የነጋዴዎቹን ዕቃ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር ሙራድ ይባላል። የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ ነው፤ የጨርቅ ኳስ ሲጠልዝ መስኮት የሰበረባቸው ሰዎች እስካሁን በሕይወት አሉ። ጅቡቲ ከርሞ ግን ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ በ«ዊ» እና በ«ኖ» መካከል አማርኛውን እየረሳ የሚኖር ሰው ሆኗል። ትልቁ የዓሣ ቤት የትኛው ነው ስትለው፣ የየመኖችን ዳቦና ዓሣ ቤት ጠቆማት፤ እዚያ በእጅ ነው የሚበላው፣ ለእናንተ ይስማማችኋል አላት።

«ሙራድ፣ እኔ የመጣሁት ላስተናግድ ነው» አለችው ሀጅራ። «ልጠግብማ ብፈልግ ቤቴ እጠግብ ነበር።»

እሱም እያጉተመተመ ወሰዳቸው። ቤቱ ግማሽ እግሩን ባሕሩ ውስጥ የከተተ ነው፤ ከእንጨት ወለሉ በታች ውሃው ይንቦጫረቃል፣ በሩቅ ወደብ የሚጠብቁ መርከቦች ተደርድረዋል። ተመጋቢዎቹ የመርከብ አዛዦች፣ ጠረፍ ጠባቂ ነን የሚሉ የውጭ መኮንኖች፣ እና ሠርተው ይሁን ሳይሠሩ የከበሩ ለማወቅ የሚያስቸግሩ ሰዎች ናቸው። ሙራድ ከመግባታቸው በፊት ትምህርት ሰጣቸው፤ ጮክ ብሎ መናገር ነውር ነው፣ አሳላፊን በጭብጨባ መጥራት ነውር ነው፣ በእጅ መብላት ነውር ነው፣ ወደ ማድቤት መግባት የማይታሰብ ነው። እትዬ ሸዋገነት በትዕግሥት ሰምተውት ሲያበቁ፣ «ዱሮ አፍንጫህን የምጠርግልህ ልጅ ነህ አይደል?» ብለው ብቻ ጠየቁት።

ሀጅራ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየውን፣ መሐል ያለውን ጠረጴዛ መረጠች። እትዬ ሸዋገነትን ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው። ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና ይህ ሁሉ ውሃ ሥራ የለውም ወይ አሉ። ቀጥለው የጠረጴዛውን ልብስ በሁለት ጣት ፈተሹ፤ ፋብሪካ ነው፣ ጥጥ የሚባል አልነካውም አሉና ባሕሩን ትተው በጨርቁ አዘኑ።

ምግብ ማዘዙ ራሱ ክርክር ነበር። ሙራድ በፈረንሳይኛ የተጻፈውን እያነበበ፣ ዛጎል ለባሹን፣ መቆንጠጫ ያለውን፣ ስምንት እግር ያለውን ሁሉ አወደሰ። አሳላፊው አንዱን በሕይወት አምጥቶ አሳያቸው፤ ሲንፈራገጥ ያዩት እትዬ ሸዋገነት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። እግሩ የበዛ ነገር አልበላም፣ ክንፍና ቅርፊት ያለው ይምጣልኝ አሉ። ለሀጅራ የባሕሩ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ግን እሳቸው የማይበሉትን እሷም አላዘዘችም። አንድ ትልቅ ዓሣ፣ ሙሉውን፣ ለሁለት አለች። ሙራድ ለራሱ ስሙን ሲጠራ አፉን የሚያጣምመውን ነገር አዘዘ።

ዳቦ መጣ። በዚህ መሐል ከጎናቸው ለተቀመጡት መኮንኖች ሳህን አለፈ፤ ቀላ ያለ፣ ስቡ ነጭ፣ ዳሩ የከረረ ሥጋ። ይህ የዓሣ ቤት አይደለም ወይ ብላ ሀጅራ ሙራድን ጠየቀችው። ነው፣ ግን ለነጮቹ ሥጋም ይሠራል አላት። የምን ሥጋ? ሙራድ ዓይኑን ወደ መርከቦቹ አሸሸ። ሁለቴ ከጠየቀችው በኋላ፣ የአሳማ ነው አለ፤ በአንድ ምድጃ ላይ መሆኑንም ሳይፈልግ ተናዘዘ።

ሁለቱም ዳቧቸውን አስቀመጡ። እንዲህ ያለ ስምምነት በሸማ ተራ ታይቶ አይታወቅም። ቢላው የለያያቸውን ሴቶች አሳማው አስታረቃቸው፤ ግን በረሃብ ላይ።

ሙራድ እንዳትጠይቁ፣ እንዳታሳፍሩኝ እያለ ሲለማመጥ ሀጅራ ተነሥታ ቀጥ ብላ ማድቤት ገባች። ምድጃው ላይ የቆመው ሰው ጥቁር፣ ቀጭን፣ ፊቱ በላብ የሚያበራ ነው። እሷ በዐረብኛ ስትጀምር እሱ በአማርኛ መለሰላት። ፍስሐ ይባላል፤ እሱም የተክለ ሃይማኖት ሰፈር ልጅ። ችግሯን ስትነግረው ሌላው ዓለም ሁሉ ለመረዳት ሦስት መጽሐፍ የሚፈልግበትን ነገር እሱ ግማሹ ላይ ጨረሰላት።

«አልዋሽሽም እትዬ፣ ምድጃው አንድ ነው» አላት። «መጥበሻውም፣ መቆንጠጫውም፣ ሳህኑም።»

እንግዲያው አዲስ እሳት ይሁንልኝ ስትል የቤቱ ባለቤት ደረሰች። አጭር፣ ነጭ ፀጉሯን ወደ ኋላ የሰበሰበች ፈረንሳዊት አሮጊት ናት፤ ሠራተኞቿ ማዳም ብቻ ነው የሚሏት። ፍስሐ አስተረጎመ። ማዳም ራሷን ነቀነቀች። ቤቷ ሥርዓት አለው፣ ለሁሉም እንግዳ የሚቀርበው አንድ ነው፣ ያልተስማማው ሌላ ቦታ ሞልቷል አለች።

ሀጅራ ከዚህ በኋላ ያደረገችውን የመርካቶ ልጅ ሁሉ ያደርገዋል። ቦርሳዋን አነሣች፣ እንሂድ አለች፣ ወደ በሩ መራመድ ጀመረች። በዝግታ ነው፤ ትከሻዋን ለጥሪ አመቻችታ። ሸማ ተራ ቢሆን ሦስተኛው እርምጃ ላይ «ነይ እስቲ፣ ነይ፣ አትቆጪ» የሚል ድምፅ ይከተላት ነበር። ገበያ ማለት ይኸው ነው፤ ሄጃለሁ ባይና ተመለሺ ባይ ተያይተው የሚጫወቱት ጨዋታ። ሀጅራ በሩ ጋ ደረሰች። ማንም አልጠራትም። ማዳም ወደ ሥራዋ ዞራለች፤ አሳላፊው ጭራሽ በሩን ከፈተላት፣ በትሕትና።

በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ሙራድ ተገላገልኩ ብሎ የመኪና ቁልፉን እያቅጨለጨለ ነው። እትዬ ሸዋገነት ከኋላዋ ደርሰው ክንዷን ያዙ።

«ተይው ሀጅራዬ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃኛል» አሏት። «ሥርዓታቸው ነው። እንለምደዋለን።»

እንለምደዋለን ያሉት ለማጽናናት ነው። ሀጅራ ግን የሸራው መጋረጃ ነው የታያት፤ ከጀርባው ለምደው የተቀመጡት ሴትዮ። ከገበያ ወጥታ ሳትጠራ የተመለሰችበት ቀን የለም፤ ሳይጠሩት የሚመለስ ነጋዴ ክብሩን በመዳፉ ይዞ ነው የሚመለሰው። ቦርሳዋን ለሙራድ አሸከመችና ተመለሰች። ሰው በሞላው ሰገነት መሐል አልፋ ማዳም ፊት ቆመች፤ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚለውን ትምህርትም ያን ጊዜ ረሳችው።

«ፍስሐ፣ እንዳለ ንገርልኝ» አለች። «እኚህን ሴት በልጄ ሠርግ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጬ አስበላኋቸው። ልጄን ያሳደጉልኝን። እስከዛሬ ከእኔ ማዕድ የደስታ ምግብ በልተው አያውቁም። ዓሣ ብቻ ነው የቀረን። ምድጃሽን አልፈልግም፣ ሳህንሽንም አልፈልግም፣ ዓሣውንና ወንበሩን ስጪን።»

እትዬ ሸዋገነት ከበሩ ሆነው ሰሙ። ፊታቸው ላይ የተነበበውን ሙራድም ሊተረጉመው አልቻለም።

ፍስሐ ምን ብሎ እንዳስተረጎመ የሚያውቅ የለም። ከሀጅራ አፍ ከወጣው እጥፍ ርዝመት ነበረው፤ በመሐሉ ሁለት ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል። ማዳም ሰምታ ስታበቃ አላለቀሰችም፣ አላቀፈቻትም፤ እንዲህ ያለው ነገር በቴሌቪዥን ነው። ማድቤቴ ውስጥ አይሆንም አለች። ከዚያ በጣቷ ከሰገነቱ ወደ ታች፣ ማዕበሉ ወደሚልሰው አሸዋ አመለከተች። አሸዋው የእኔ አይደለም፣ የባሕሩ ነው፤ ፍስሐ ከወደደ እዚያ የፈለገውን ያድርግ፤ እዚያው ጠረጴዛ ይውጣላችሁ አለች።

ሀጅራ እሳቱ አሸዋው ላይ ይሁን አለች። ጠረጴዛው ግን አይነቃነቅም። ከሰው ተለይተን ታች አንቀመጥም፣ ከጀርባ አንዴ ይበቃል። ማዳም ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ይህ በፈረንሳይ አገር እሺ ማለት ነው ይባላል።

ፍስሐ ጫማውን አውልቆ አሸዋው ላይ ወረደ። ያልተነካ የከሰል ከረጢት ቀደደ፣ በአሸዋው ጉድጓድ እሳት አነደደ። ዓሣውን ዳር በቆመ ጀልባ ላይ ያለ አጥማጅ በራሱ ቢላ ሆዱን ከፍቶ፣ በባሕሩ አጥቦ ሰጠው። ጅቡቲ እንግዲህ ሌላ ነገር ባይኖራት ጨው አላት፤ ፍስሐ ጨው በከረጢት አስወረደ፣ በባሕር ውሃ አራሰው፣ ዓሣውን ከራስ እስከ ጅራት በጨው ቀበረው። የማድቤቱ ብረት አልነካውም። ጨው ድስቱ፣ ጨው ክዳኑ፣ ጨው ሳህኑ።

የሰገነቱ ሰው ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ወደ ታች ያይ ጀመር። የመርከብ አዛዦቹ የራሳቸውን ምግብ አቀዝቅዘው ጣታቸውን ይቀስራሉ። ሙራድም፣ እስከዚያ ድረስ እነዚህን ሴቶች እንደማያውቅ ሰው ሦስት ወንበር ርቆ የቆመው ሙራድ፣ ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አየና ተጠጋ። ጎኑ ላለው መኮንን በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ሹክ አለ። እንግዶቼ ናቸው ማለቱ ይመስላል። አድርባይ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ሰልፉ ሲያልፍ ከኋላ ይገባና ባንዲራውን ከፊት ሆኖ ይይዛል።

ዓሣው መጣ፤ በአዲስ የሣጥን ክዳን ላይ፣ እንደ ትንሽ መቃብር የደረቀ ነጭ ክምር ሆኖ፣ ጭሱ እየተነነ። ፍስሐ ራሱ ነው የተሸከመው፣ መሐል ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሀጅራ ከባሕሩ ዳር ባስመጣችው ድንጋይ መታችው፤ ጨው ተሰነጠቀ፣ ቆዳው ከጨው ጋር ተላቀቀ፣ ከሥሩ ነጭ ሥጋ በእንፋሎት ወጣ። እሷ «ቢስሚላህ» ስትል እትዬ ሸዋገነት «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። ዓሣው ሁለቱንም ሰማ፤ ተቃውሞ አላቀረበም።

በእጃቸው በሉ። ሙራድ ያስጠነቀቀው ነውር ይህ ነበር፤ ግን ከዚያ ቤት ሹካ ሁሉ የነሱ እጅ ብቻ ነበር አሳማ ያልነካው። ሙራድ ሹካውን ይዞ ወደ ክምሩ ሲያጎነብስ እትዬ ሸዋገነት እጁን በጥፊ መለሱት። ሹካህን ወዲያ፣ ታጥበህ ና አሉት። ታጥቦ መጣ። ካፒቴኖቹ እያዩት፣ ቅባታም ፀጉሩን ደፍቶ፣ በአምስት ጣቱ እንደ ተክለ ሃይማኖት ልጅ በላ። ሰውዬው ዓመታት የደበቀውን ልጅነቱን ዓሣ አወጣበት።

ሀጅራ ግን አልበላችም ማለት ይቀላል። ለስላሳውን፣ አጥንት የሌለበትን ከጀርባው እየመረጠች ወደ እትዬ ሸዋገነት በኩል ትገፋለች። ደጋሽ አይበላም፣ ያበላል። እትዬ ሸዋገነትም ጎንበስ ብለው በሉ።  አከርካሪው ባዶውን ሲቀር ቀና አሉ።

«ለዚያ ኖሯል እንዴ?» አሏት። «ለሠርጉ?»

«ለዚያ ነው።»

«አንቺ ሞኝ።» ጣታቸውን ላሱ፤ ወደ ባሕሩ አዩ። «ያን ቀን እኮ ጥብሱ ጨው በዝቶበት ነበር። ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ጨው ያንሰዋል» አሉ እትዬ ሸዋገነት። «በጨው ቀብረው፣ የጨው ባሕር ታቅፈው፣ ጨው ሳይገባበት አበሉኝ።»

ሀጅራ ሳቀች፤ ሳቋ ከሰገነቱ አልፎ እሳቱን ሊያጠፋ አሸዋው ላይ የወረደው ፍስሐ ጋ ደረሰ፣ እሱም ምን እንደተባለ ሳይሰማ ሳቀ። ሸማ ተራ ውስጥ ከእትዬ ሸዋገነት አፍ «ጎበዝ» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ነቀፋቸውን ያልቀመሰ ጥለት፣ ነቀፋቸውን ያልቀመሰ ሙሽራ የለም። የነቀፉት ነገር የቤታቸው ነገር ነው። ያንን ድግስ ነቀፉት።

ከጎን ያለው መኮንን ፍስሐን ጠርቶ ለነገ እንዲህ ያለ ዓሣ ይሠራልኝ እያለ ነው። ማዳም ራቅ ብላ ቆማ ትሰማለች፤ ፊቷ ላይ ሒሳብ እንጂ ሌላ ስሜት የለም። ትሥራው፤ ዓለም እንዲህ ነው፣ የሴት ግትርነት መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ቀጥሎ ይሸጣል።

ፀሐይዋ ከመርከቦቹ ጀርባ ስትወርድ አሳላፊው በሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ ይዞ መጣ፤ ላዩ ላይ የሎሚ ቁራጭ ይንሳፈፋል። ጣት የሚነከርበት ነው ብሎ ሙራድ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። ሀጅራ ሳህኖቹን መለሰቻቸው። ያልተከፈተ የውሃ ጠርሙስ አስመጥታ ከፈተች፣ የሰው ሁሉ ዓይን እያያት ከወንበሯ ተነሣች፣ ጠረጴዛውን ዞራ እትዬ ሸዋገነት አጠገብ ቆመች። ደጋሽ እንግዳውን ሳያስታጥብ ድግሱ አላለቀም።

እትዬ ሸዋገነት በሌላ ቀን ቢሆን ተይ፣ ለራሴ አላንስም ብለው ይከራከሩ ነበር። ያን ቀን አልተከራከሩም። በወንበራቸው ላይ ደልደል ብለው፣ ከፊት ለፊታቸው ባሕሩን አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።